መተማ፤ በመጽሐፍ ያወቅናት ምድር

የአገሩን ታሪክ በመጀመሪያ በቦታው ላይ ቆሞ የሚማር ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ታሪክን የምናገኘው በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን፥ ከመምህራችን አፍና ከአንድ መጽሐፍ ገጽ ነው። ያ መጽሐፍ ደግሞ በልጅነት የተነበበ ስለ ሆነ፥ የነገረን ሁሉ እንደ ዳዊት ንባብ በልባችን ተቀርጾ ይቀራል። ወንዞቹን ሳናያቸው እናውቃቸዋለን፤ ሜዳዎቹን ሳንረግጣቸው በሐሳባችን እንሥላቸዋለን። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ስፍራው ደርሰን በዐይናችን ስናይ ግን፥ በሐሳብ የሣልነውና በፊታችን የተዘረጋው ምድር አንድ ሆነው አይገኙም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱን የቻለ ሁለተኛ ትምህርት ነው።

በብዙ ተማሪ ልብ ውስጥ ከቀሩት የልጅነት መጻሕፍት አንዱ አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የጻፉት «የኢትዮጵያ ታሪክ፥ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የተባለው ነው። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ሲነበብ ስለ ኖረ፥ አባት የተማረበትን ልጅም ተምሮበታል። በእርሱ ያደገ ሰው ሦስት የቦታ ስሞችን አይረሳም፤ መቅደላን፥ መተማንና ዐድዋን። በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ፤ በመተማ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ቆስለው ሞቱ፤ በዐድዋ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ድል አደረጉ። ስለ መቅደላና ስለ ዐድዋ ብዙ ተጽፏል፥ ብዙ ሥዕልም ተሥሏል፥ በቲያትር ቤትም ታይቷል። መተማ ግን በሁለቱ መካከል ቆማ፥ ተማሪው ለፈተና ዓመተ ምሕረቷን አጥንቶ የሚያልፋት ስፍራ ሆና ቀርታለች። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚች ስለ መካከለኛይቱ ነው።

ያንን የልጅነት ንባብ በልባችን ይዘን ከጎንደር ወደ ምዕራብ ስንወርድ፥ መጀመሪያ የሚያስደንቀን መውረዱ ራሱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ መተማ የምትገኘው በ700 ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ አዘዞን አልፎ ወደ ጭልጋ ይደርሳል፤ ከጭልጋ በኋላ ደጋው እያለቀ፥ አየሩ እየከበደ፥ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን ተሻግሮ ወደ ሜዳው ይገባል። ጤፉና ገብሱ ቀርቶ ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ ይተካል። በየተረተሩ የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ቆሞ ይታያል። መሬቱ ጥቁር ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ደግሞ የሰውንም የከብትንም እግር ይዞ አይለቅም። በዚሁ ቆላ የሚያልፈው የጓንግ ወንዝ ድንበሩን ተሻግሮ አትባራ ተብሎ፥ በመጨረሻ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ከተሞች ፊት ለፊት ይታያሉ፤ በዚህ ወገን መተማ ዮሐንስ፥ በዚያ ወገን ገላባት። የሚለያቸው አንዲት የወንዝ ፈፋና በላይዋ የተዘረጋች ድልድይ ብቻ ናት።

በትምህርት ቤት ሳለን አንድ ጥያቄ ያስቸግረን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ሁሉ ሠራዊት አስከትለው፥ ከዙፋናቸው ርቀው፥ ወደዚህ ቆላ መውረዳቸው ስለ ምን ነበር? በመጽሐፉ ካርታ ላይ መተማ የአገር ጠርዝ ናት፤ ከጠርዝ ወዲያ ምንም ያለ አይመስልም። በቦታው ለቆመ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። መተማ ጠርዝ ሳትሆን በር ናት። ነጋዴ የሚመላለስበት መንገድ ሁሉ ለወታደርም መንገድ ነው፤ ከዚህ የተነሣ ጦር የጭልጋን ዳገት ከወጣ በኋላ እስከ ደምብያና እስከ ጎንደር የሚያቆመው ብርቱ የተፈጥሮ ምሽግ የለም።

በርነቷም በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ወደ ስናርና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚሄደው ንግድ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የተጓዘው በዚሁ ቆላ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መተማ ትልቅ ገበያ ሆነች። ከደጋው ቡና፥ ሰም፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ከሱዳን ጥጥና ልብስ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር የሰው ልጅም በዚሁ ገበያ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። የገበያው ባላባቶች ተክሩር የሚባሉት፥ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ የመጡ እስላሞች ሲሆኑ፥ ሸኾቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር እየከፈሉ በሁለት ኃይለኞች መካከል ይኖሩ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በኅዳር ወር 1858 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲመጣ የገባው በመተማ በር ነው። ከዚህ በስተ ደቡብ ያለው ቋራም ቴዎድሮስ የተወለዱበት አገር ነው፤ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. ከግብፅ ጦር ጋር ደባርቂ ላይ ተዋግተው የመድፍን ኃይል የተረዱት በዚሁ ድንበር አካባቢ ነበር። እንግዲህ መተማ ከጦር ሜዳነቷ በፊት ገበያ ነበረች። ይህን መጽሐፉን ዘግተን፥ በድልድዩ የሚያልፈውን የጭነት መኪናና የነጋዴውን ጫጫታ ስናይ በቀላሉ እንረዳዋለን።

ይህችን ገበያ የደም ሜዳ ያደረጋት ነገር የተጀመረው ግን በመተማ ሳይሆን በዐድዋ ነው። በሱዳን መሐመድ አሕመድ «መሐዲ ነኝ» ብሎ በ1873 ዓ.ም. በግብፅ መንግሥት ላይ ከተነሣ በኋላ፥ በየከተማው የነበረው የግብፅ ጦር ተከበበ። እንግሊዝም በጊዜው የግብፅ ጠባቂ ስለ ነበረች፥ ይህን ጦር የሚያወጣላት ጎረቤት ፈለገች። አድሚራል ሂዌት ወደ ዐፄ ዮሐንስ መጥቶ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ውል ተፈራረሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ከከሰላ፥ ከአመዴብና ከሰንሒት የሚወጣውን የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል ሊያሳልፉ፥ በምላሹም የቦጎስ አገር ሊመለስላቸው፥ በምጽዋ ወደብም ዕቃቸው በነፃ ሊያልፍ ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። በመተማ ተከቦ የነበረውም ጦር በ1877 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ርዳታ ነፃ ወጥቶ በአገራችን በኩል ወደ ምጽዋ ሄደ። ራስ አሉላም በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩፊት ላይ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። የመሐዲ ተከታዮች ራሳቸውን «አንሷር» ቢሉም፥ በእኛ ዘንድ የሚታወቁት ደርቡሽ በሚለው ስም ነው።

በውሉ ምክንያት ኢትዮጵያ ያገኘችውና ያጣችው ሲመዘን ግን ሚዛኑ ያሳዝናል። ውሉ በተፈረመ በስምንተኛው ወር፥ በጥር 1877 ዓ.ም.፥ ኢጣልያኖች በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዙ። ስለዚህ በስተ ምሥራቅ የተከፈተው በር ወዲያው በሌላ እጅ ተዘጋ፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ከዚያ በፊት ከግብፅ ጋር ብቻ ይጣላ የነበረው ደርቡሽ የኢትዮጵያ ጠላት ሆነ። መተማና ምጽዋ እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም፥ የአንዲቱ ዕድል ከሌላይቱ ጋር የተሳሰረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በቶሎ ተከታተለ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማን ወግተው የደርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገድለው ገበያውን አቃጠሉ። በማግስቱ ዓመት፥ በጥር 1880 ዓ.ም.፥ ሐምዳን አቡ አንጃ ብድሩን ለመመለስ መጣ፤ በደምብያ ሣር ውኃ በተባለው ስፍራ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፥ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፥ ብዙ ሕዝብም ማርኮ ወሰደ። በጎንደር የነደደው እሳት በመተማ በር የገባ እሳት ነው።

በዚሁ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሦስት አቅጣጫ ተወጥረው ነበር። በሰሜን ኢጣልያኖች ሰዓጢ ላይ መሽገው ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. ብዙ ጦር ይዘው ቢሄዱም ከምሽጋቸው ሳይወጡላቸው ተመለሱ። በመካከል የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእርሳቸው ላይ ተስማምተው ነበር፤ በዚህም ተቈጥተው ጎጃምን ወረሩ፥ የጎጃም ገበሬም ያላጠፋውን ጥፋት ከፈለ። በምዕራብ ደርቡሽ አለ። ሌላም ልንሰውረው የማይገባ ነገር አለ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖታችሁን ለውጡ ተብለው ከወሎ የተሰደዱ እስላሞች ከመሐዲ ወገን የተደባለቁ ነበሩ። እንግዲህ መተማ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ፊት የተሰለፈው የውጭ ጠላት ብቻ አልነበረም፤ የአገር ውስጥ ቍስልም አብሮ ተሰልፎ ነበር።

ከዘመቻው በፊት ግን ዐፄ ዮሐንስ አንድ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ለአቡ አንጃ በጻፉት ደብዳቤ ሁለቱ ሕዝቦች ጎረቤቶች እንደ ሆኑ፥ የሁለቱም ጠላት አውሮፓውያን እንደ ሆኑ፥ እነዚህም ኢትዮጵያን ቢያሸንፉ ሱዳንን እንደማይተዉአት ገልጠው፥ እርስ በርስ መጋደሉ ቀርቶ በጠላት ላይ መተባበር እንደሚሻል አሳስበው ነበር። የተመለሰላቸው መልስ ስድብና «ስለም» የሚል ጥሪ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የሆነውን ስናይ፥ በደብዳቤው ውስጥ ያለው ፍርድ ምን ያህል የጠለቀ እንደ ነበር እንረዳለን።

ጦርነቱ የሆነው ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በመጽሐፍ ሲነበብ «መጋቢት» አንድ የወር ስም ብቻ ነው፤ በመተማ ግን መጋቢት ማለት ሣሩ የደረቀበት፥ ፈፋው ውኃ ያጣበት፥ ፀሐይዋ ከማለዳ ጀምሮ የምታቃጥልበት ጊዜ ነው። ከደጋ የወረደው ወታደር ከጠላት አስቀድሞ ከዚህ ጋር ተዋግቷል። ሜዳው ገላጣ ስለ ሆነ፥ ደርቡሾች ከተማዋን በእሾህ አጥር ከበው በዘሪባ ውስጥ መሽገው ይጠብቁ ነበር። አቡ አንጃ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ታሞ ሞቶ፥ በቦታው ዘኪ ቱማል ተሹሞ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት እነ ራስ አሉላ፥ እነ ራስ ሚካኤልና ራስ መንገሻ ያሉበት ሆኖ፥ በአጥሩ ላይ እየወደቀ እየተነሣ ገፋ፤ ከብዙ እልቂት በኋላም የአጥሩን አንድ ወገን ጥሶ ገባ። ድሉ የኢትዮጵያ ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

በዚህ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ከፊት ሆነው ሲዋጉ በጥይት ቆሰሉ፤ ሁለተኛው ቍስል የሞት ቍስል ሆነ። ወደ ድንኳናቸው ከተወሰዱ በኋላ ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን አስታውቀው፥ መጋቢት 2 ቀን ዐረፉ። የመቍሰላቸው ወሬ እንደ ተሰማ፥ አጥሩን ጥሶ የገባው ሠራዊት ልቡ ተሰብሮ ማፈግፈግ ጀመረ። ደርቡሾችም እጅግ ተጐድተው ስለ ነበር በመጀመሪያ የሆነውን አላስተዋሉም፤ የንጉሡን መሞት ካወቁ በኋላ ግን ተከተሉ፥ ሬሳውን ይዞ የሚሄደውንም ጭፍራ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። በዚያ ስፍራ የንጉሠ ነገሥቱ አጎት ሽማግሌው ራስ አርአያ ድምጹ ከሬሳው አልለይም ብለው ሲከላከሉ ወደቁ። የንጉሡ ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ በዚያ በኸሊፋው እጅ እስረኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ስላቲን በኋላ አምልጦ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ተርኮታል።

የመተማ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚህ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ክረምት ኢጣልያኖች ከረንንና አስመራን ያዙ። የከብት እልቂትና ረኃብ፥ በሕዝብ አፍ «ክፉ ቀን» የተባለው፥ ጦርነቱ ያደከመውን አገር ወረሰው። አሸናፊ የተባለው ደርቡሽም አልተጠቀመም፤ ብርቱ ከነበረው ሠራዊቱ ብዙውን በመተማ ሜዳ አጣ፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ካረሪ ላይ መንግሥቱን አጠፋ። ሁለቱ አፍሪካውያን ጎረቤቶች በአንዲት ገበያ ላይ ሲጋደሉ፥ ከሁለቱም በስተ ኋላ የቆመው ሦስተኛው ወገን አተረፈ። ንጉሡ በደብዳቤያቸው የጻፉት ይህንኑ ነበር።

ከዚያም ድንበሩ በወረቀት ተወሰነ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት መተማ ለኢትዮጵያ፥ ገላባት ለሱዳን ሆኑ፤ በማግስቱም ዓመት የእንግሊዙ መኰንን ቻርልስ ግዊን ወሰኑን በምድር ላይ አመለከተ። አንድ የነበረው ገበያ በፈፋው መካከል ለሁለት ተከፈለ።

በሩ ግን በርነቱን አልተወም። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በዊልያም ስሊም የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ቢያስለቅቅም መተማን ለመያዝ ሳይችል ቀረ፤ ኢጣልያኖች መተማን የለቀቁት በዚያው ዓመት በጥር መጨረሻ ነው። በዚሁ ወር፥ ጥር 12 ቀን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ በስተ ደቡብ በኦሜድላ ገብተው ሰንደቅ ዓላማችንን ተከሉ። በእኛም ዘመን፥ በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ ብዙ ሺሕ ስደተኞች ልጆቻቸውን አዝለው በዚሁ በር ገብተዋል። ደርቡሽ የተዋጋበት ሜዳ የደርቡሽን የልጅ ልጆች ተቀብሏል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የልጅነቱ መጽሐፍ አሳስቶናል እንላለን? አንልም። መጽሐፉ ለልጅ የሚገባውን ነግሮናል፤ አንድ ንጉሥ ለአገሩ ድንበር ደሙን ማፍሰሱን ነግሮናል፥ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን የልጅ ትምህርት ላዋቂ አይበቃም። አዋቂ ሰው ንጉሡ መሞታቸውን ብቻ ሳይሆን፥ ወደዚያ ያደረሳቸውን መንገድ ማወቅ አለበት። ቃል ጠብቀው በቃል የከዳቸውን ውል፥ እርስ በርስ የተከፋፈሉትን መሳፍንት፥ የተወረረውን የጎጃም ገበሬ፥ ሃይማኖቱን ለማዳን የተሰደደውን የወሎ ሰው፥ መልስ ያላገኘውንም ደብዳቤ አንድ ላይ አድርጎ ሊመለከት ይገባል። ይህን ሲያደርግ የዐፄ ዮሐንስ ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም በሁሉ አቅጣጫ ተጨንቀው ሳሉ ከፊት መቆማቸው ይበልጥ ይገለጥለታል።

ስለዚህ ታሪክ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። መተማን ስታስተምሩ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ፥ ተማሪው ጣቱን ከምጽዋ አንሥቶ እስከ መተማ፥ ከመተማም እስከ ጎንደር እንዲያስኬድ አድርጉት። ያን ጊዜ የዐፄ ዮሐንስ ሞት የአንድ ቀን አደጋ አለመሆኑን፥ ሁለት በሮችን በአንድ ጊዜ ለመጠበቅ የተደረገ ትግል መጨረሻ መሆኑን በራሱ ይደርስበታል። ይህንንም ጨምሩለት፤ ከፈፋው ማዶ ያለ የሱዳን ልጅም ይህንኑ ጦርነት «የገላባት ጦርነት» ብሎ ይማረዋል፤ ለእርሱ ጀግና የሆነው ለእኛ ጠላት ነው፥ ለእኛ ሰማዕት የሆነው ለእርሱ ድል የተደረገ ንጉሥ ነው። ሁለቱ ልጆች በዚያ ሜዳ ላይ ስለ ወደቁት ሁሉ ይስማማሉ ለማለት ያስቸግራል። ሁለቱም ሊያነቡት የሚችሉት አንድ ጽሑፍ ግን አለ፤ እርሱም ንጉሠ ነገሥቱ ከጦርነቱ በፊት ለጎረቤታቸው የጻፉት የሰላም ደብዳቤ ነው። በጊዜው ሰሚ አላገኘም፤ ዛሬ ግን በድልድዩ በሁለቱም ወገን ላለ ተማሪ ሊነበብ የሚገባው ነው።